ጂሚ ካርተርን በምን እንመዝናቸው?

ስለ 39ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለ ጂሚ ካርተር ሲነሳ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ፦ ሰውየው ደግ ነበሩ፣ መሪነቱ ግን አልሆነላቸውም። ካርተር ዲሴምበር 29 ቀን 2024 በ100 ዓመታቸው ሲያርፉም ብዙ ሰው ያለው ይህንኑ ነው። ፍርዱ ለአነጋገር ይመቻል፤ ለምዘና ግን አይበቃም። የሰውን ጠባይ ከሥራው ጋር ያደባልቃል፤ ሥልጣን ላይ ሆነው በአራት ዓመት የሠሩትንም ከዚያ ወዲያ በአርባ ዓመት ከሠሩት ጋር አንድ ላይ ይጨፈልቃል።

አንድን መሪ በወጉ ለመመዘን ቢያንስ አራት ጥያቄዎችን ለየብቻ ማንሳት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከችግሩ ውስጥ የወረሱት የቱ ነው፣ ራሳቸው ያመጡትስ? ሁለተኛ፣ ውሳኔያቸው ትክክል ነበር ወይ? ትክክል ከነበረስ ሌላውን አሳምነው አብሯቸው እንዲሄድ አድርገዋል ወይ? ሦስተኛ፣ ዋጋው መቼ ተከፈለ፣ ፍሬውስ መቼ ታየ? አራተኛ፣ የሰበኩትን መርህ በወዳጅም በባላንጣም ላይ እኩል ሠርተውበታል ወይ? እነዚህን ይዘን ከጃንዋሪ 1977 እስከ ጃንዋሪ 1981 ያለውን የካርተርን ዘመን እንመርምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኦቾሎኒ እርሻ እስከ ዋይት ሐውስ

ካርተር የተወለዱት በ1924፣ ፕሌይንስ በምትባል የጆርጂያ የገጠር ከተማ ነው። አናፖሊስ ከሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ በ1946 ተመረቁ፤ ከዚያም በሃይማን ሪኮቨር ይመራ በነበረው የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ፕሮግራም ውስጥ በመኮንንነት ሠሩ። ሪኮቨር ትንሽ ስህተት የማያልፉ፣ ዝርዝሩን ሁሉ ራሳቸው ካላዩ የማያምኑ አለቃ ነበሩ። ካርተርም ይህን የመሐንዲስ ጠባይ ይዘውት ቀሩ። በ1953 አባታቸው ሲሞቱ ወደ ፕሌይንስ ተመልሰው የቤተሰቡን የኦቾሎኒ እርሻና ንግድ ተረከቡ። ከዚያ የጆርጂያ ምክር ቤት አባል፣ ከ1971 እስከ 1975 ደግሞ የግዛቲቱ ገዥ ሆኑ።

ለገዥነት የተወዳደሩበትን ምርጫ ልብ ማለት ይጠቅማል። በ1970 ካርተር የዘር መለያየትን የሚደግፉ ነጮች ድምፅ እንዳያመልጣቸው አነጋገራቸውን አለሳልሰው ነበር። አሸንፈው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት ግን የዘር መድልዎ ዘመን ማብቃቱን በግልጽ ተናገሩ፤ የመረጧቸው ብዙዎች ደነገጡ። ስለዚህ ካርተር ፖለቲካ የማያውቁ የዋህ ነበሩ የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ድምፅ መሰብሰብን ያውቁበታል። የማይወዱት ከተመረጡ በኋላ የሚመጣውን ሰጥቶ መቀበል ነበር።

በ1976 አሜሪካ የነበረችበት ሁኔታ ለእንዲህ ዓይነት ሰው በር ከፈተ። ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ከሥልጣን ወርደዋል፤ የተተኳቸው ጄራልድ ፎርድ ለኒክሰን ሙሉ ምሕረት አድርገዋል፤ የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎንም ወድቃለች። ሕዝቡ ከዋሽንግተን የሚመጣን ነገር ሁሉ ይጠራጠራል። ካርተር ለሕዝብ እንደማይዋሹ ቃል እየገቡ ሀገሩን ዞሩ፤ ፎርድንም በመራጮች ጉባኤ 297 ለ240 አሸነፉ።

የመጀመሪያው ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ለዋሽንግተን እንግዳ መሆናቸው ምርጫውን አስገኘላቸው፤ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን ያው እንግድነት ዕዳ ሆነባቸው። ለኮንግረስ አባላት ውለታ የለባቸውም፤ የኮንግረስ አባላትም ለእሳቸው የለባቸውም። ሁለቱን ምክር ቤቶች የያዘው የራሳቸው ዲሞክራቲክ ፓርቲ ሆኖ ሳለ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ብክነት ነው ያሏቸውን የግድብና የውኃ ሥራዎች ከበጀት ለመሰረዝ ተነሡ። በሒሳብ ከታየ ሐሳቡ ያስኬድ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ግድብ አንድ የምክር ቤት አባል ለወረዳው ሕዝብ የገባው ቃል ነው። አባሉን ሳያማክሩ ግድቡን መሰረዝ ሰውየውን በሕዝቡ ፊት ማሳፈር ነው። ከዚያ ወዲያ ካርተር ከባድ ሕግ ይዘው ሲመጡ ብዙዎች ዳተኛ ሆኑባቸው።

አሥራ ሦስት ቀን በካምፕ ዴቪድ

ይኸው ግትርነትና ዝርዝር ወዳድነት ትልቁን ድላቸውንም አስገኝቷል። ግብፅና እስራኤል ከ1948 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ ተዋግተዋል። የግብፁ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት በኖቬምበር 1977 ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደው ዓለምን ቢያስደንቁም፣ ከዚያ በኋላ የተጀመረው ድርድር ወራት ቆጥሮ ቆመ። ካርተር ሳዳትንና የእስራኤሉን ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኸም ቤጊንን ሴፕቴምበር 5 ቀን 1978 ሜሪላንድ ተራሮች ውስጥ ወዳለው የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ ጠሯቸው። አማካሪዎቻቸው ብዙ ተስፋ አልነበራቸውም። ድርድሩ ከከሸፈ ውርደቱ የጠሪው እንደሚሆንም ግልጽ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱን ፊት ለፊት አገናኟቸው፤ ንግግሩ ወደ ጭቅጭቅ ተለወጠ። ያኔ ዘዴ ለወጡ። ሁለቱን ለያይተው፣ አንድ የአሜሪካ ረቂቅ ይዘው ከአንደኛው ማረፊያ ወደ ሌላኛው ይመላለሱ ጀመር። አንዱ የተቃወመውን መስመር ይሰርዛሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ፣ ለሌላው ያነቡለታል። ረቂቁ ከሃያ ጊዜ በላይ ተጻፈ። ሳዳት ተስፋ ቆርጠው ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ ካርተር ክፍላቸው ድረስ ሄደው፣ ከሄዱ ወዳጅነታቸውም የሁለቱ ሀገሮች ግንኙነትም እንደሚያበቃ በግልጽ ነገሯቸው። ቤጊን በመጨረሻው ቀን አሻፈረኝ ሲሉ ደግሞ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ማስታወሻ እንዲሆን የጠየቁትን ፎቶግራፍ ካርተር የእያንዳንዱን ልጅ ስም ጽፈውበት ራሳቸው ይዘውላቸው ሄዱ። ቤጊን ስሞቹን አንድ በአንድ ሲያነቡ ልባቸው ራራ፤ ንግግሩም ቀጠለ። ስምምነቱ ሴፕቴምበር 17 ተፈረመ። የሰላም ውሉ ዳግመኛ ሲንገዳገድ ካርተር ካይሮና ኢየሩሳሌም ድረስ ተጓዙ፤ ማርች 26 ቀን 1979 ውሉ በዋሽንግተን ተፈረመ። እስራኤል በ1982 ሲናን ለቀቀች።

ይህን ሥራ ስንመዝን ሁለቱን ክፍሎች መለየት አለብን። በግብፅና በእስራኤል መካከል የተደረገው ሰላም ከአርባ ዓመት በላይ ጸንቷል፤ ሁለቱ ሀገሮች ዳግመኛ ጦርነት አልገጠሙም። ለፍልስጤማውያን የራስ አስተዳደር ያስገኛል የተባለው ሁለተኛው ክፍል ግን ከወረቀት አልወረደም። የአዳዲስ የእስራኤል ሰፈራዎች ግንባታ ለምን ያህል ጊዜ ይቁም በሚለው ላይ ካርተርና ቤጊን የተግባቡ መስሏቸው ሳይግባቡ ተለያይተዋል፤ ለዝርዝር የሚጨነቁት ካርተር ይህን ነጥብ በጽሑፍ ሳያስሩት መቅረታቸው ጉድለት ነው። ሳዳትም ዋጋውን በሕይወታቸው ከፈሉ፤ ኦክቶበር 6 ቀን 1981 በገዛ ወታደሮቻቸው ተገደሉ። ሆኖም የአካባቢው ትልቁ የዓረብ ሠራዊት ከጦርነቱ መስመር የወጣው በዚህ ውል ነው፤ ውሉም ያለ ካርተር ትዕግሥት ባልተፈረመ ነበር።

ዋጋው ቶሎ፣ ፍሬው ዘግይቶ

ካርተርን መመዘን ከባድ የሚሆነው በአብዛኛው በሦስተኛው ጥያቄ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ውሳኔዎቻቸው ዋጋ ያስከፈሉት በራሳቸው ዘመን ነው፤ ፍሬያቸው የታየው ግን ከሄዱ በኋላ ነው።

የፓናማ ቦይ አንዱ ምሳሌ ነው። ቦዩን ለፓናማ የመመለሱ ድርድር የተጀመረው ከካርተር በፊት በነበሩ ፕሬዚዳንቶች ነው፤ ሁሉም ግን መጨረሻውን ፈሩት። አብዛኛው አሜሪካዊ ቦዩን እንደ ራሱ ንብረት ያይ ነበርና። ካርተር ከፓናማው መሪ ከኦማር ቶሪሆስ ጋር በሴፕቴምበር 1977 ሁለት ውሎችን ፈረሙ፤ ሴኔቱም በ1978 ሁለቱን ውሎች 68 ለ32 አጸደቀ። ለማጽደቅ 67 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ በእያንዳንዱ ውል የተረፋቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ከኮንግረስ ጋር መሥራት አይችሉም የተባሉት ሰው እዚህ ላይ ለሴናተሮች እየደወሉ፣ እየለመኑ፣ እያግባቡ አሸንፈዋል፤ ሲፈልጉ ይችሉ እንደነበር ይህ ያሳያል። ደግፈው ድምፅ ከሰጡት ሴናተሮች በርካቶቹ በቀጣዮቹ ምርጫዎች ወንበራቸውን አጡ። ቦዩ በ1999 መጨረሻ ለፓናማ ተላለፈ፤ መርከቦችም ማለፋቸውን ቀጠሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ የዋጋ ንረት ነው። እዚህ ላይ የወረሱትንና ያመጡትን መለየት ግድ ይላል። ንረቱ የጀመረው በቬትናም ጦርነት ወጪና በ1973 የነዳጅ ቀውስ ነው፤ ይህን ወርሰዋል። ነገር ግን በ1976 ስድስት በመቶ ገደማ የነበረው ንረት በ1980 በአማካይ 13.5 በመቶ ሲደርስ ሁሉንም በውርስ ማሳበብ አይቻልም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መንግሥታቸው ያተኮረው ሥራ አጥነትን በመቀነስ ላይ ነበር። በ1978 ለማዕከላዊ ባንኩ፣ ለፌዴራል ሪዘርቭ፣ የሾሟቸው ዊሊያም ሚለርም ወለድ ለመጨመር አመነቱ። በዚህ ላይ የ1979 የኢራን አብዮት መጣ፤ የነዳጅ ዋጋ በዓመት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ናረ፤ አሜሪካውያን ቤንዚን ለመቅዳት ተሰለፉ።

በኦገስት 1979 ካርተር ፖል ቮልከርን በፌዴራል ሪዘርቭ ላይ ሾሙ። ቮልከር መድኃኒቱ መራራ መሆኑን አልደበቁም። ገንዘቡን አጠበቁት፤ ባንኮች ለታመኑ ደንበኞቻቸው የሚያበድሩበት ወለድ በ1980 ማብቂያ ከ20 በመቶ አለፈ። ቤት የሚገዛ፣ መኪና የሚገዛ፣ ፋብሪካ የሚያስፋፋ ሁሉ ቆመ። ይህ የሆነው በምርጫ ዓመት ነው። ንረቱ የተሰበረው በሮናልድ ሬገን ዘመን፣ በ1983 ወደ 3 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። እርግጥ ነው፣ ሬገንም ሥራ አጥነቱ በ1982 ከ10 በመቶ ሲያልፍ ቮልከርን ባለማስቆማቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም አንዱ ዘርቶ ሌላው ማጨዱ አይካድም።

በዚህ ረድፍ የሚቆጠሩ ሌሎች ሥራዎችም አሉ። የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር መንግሥት የሚወስንበት አሠራር በ1978 ሕግ ቀረ፤ በ1980 የጭነት መኪናና የባቡር ቁጥጥርም ላላ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ምርጫ ከተሸነፉ በኋላ፣ ከ100 ሚሊዮን ኤከር በላይ የአላስካ መሬት የሚጠብቀውን ሕግ ፈረሙ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሾሟቸው ሴቶችና ጥቁር ዳኞች ከእሳቸው በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንቶች በሙሉ ከሾሟቸው ይበልጣሉ፤ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገቡት ሩት ቤደር ጊንስበርግ ለይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተሾሙት በካርተር ነው።

ትክክለኛ ውሳኔ፣ የተሳሳተ አካሄድ

ሁለተኛው ጥያቄ ካርተርን የሚጎዳ ነው። በጁላይ 1979 የነዳጅ ሰልፉ ሲበረታ ካርተር ሊያደርጉት የነበረውን ንግግር ሰርዘው ወደ ካምፕ ዴቪድ ወጡ። ለአሥር ቀናት ያህል ገዥዎችን፣ ቀሳውስትን፣ ምሁራንንና ተራ ዜጎችን እየጠሩ አዳመጡ። ጁላይ 15 በቴሌቪዥን ቀርበው የሀገሪቱ ችግር ከነዳጅ የጠለቀ መሆኑን፣ ሕዝቡ በራሱና በመንግሥቱ ላይ ያለው እምነት መሸርሸሩን፣ ሸቀጥ ማግበስበስም ለሕይወት ትርጉም እንደማይሰጥ ተናገሩ። ሕዝቡ ንግግሩን ገና እንደሰማ ጠላው ሲባል ይሰማል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ንግግሩ በመጀመሪያ ተወዶ ነበር፤ የሕዝብ ድጋፋቸውም ከፍ አለ።

ያበላሸው ቀጥሎ የመጣው ነው። ንግግሩ በተደረገ በሁለተኛው ቀን ሚኒስትሮቻቸውን በሙሉ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዲያስገቡ ጠየቁ፤ የአምስቱንም ተቀበሉ። ዓላማው ቤታቸውን ማጽዳት ነበር። ሕዝቡ ያየው ግን የሚንኮታኮት መንግሥት ነው። ቀስ ብለው የገነቡትን እምነት በችኮላ አፈረሱት። ካርተር ነገሩ ልክ ከሆነ ሰው ሁሉ ልክነቱን ያይልኛል ብለው ያምናሉ። ሰው ግን የሚያየው ውሳኔውን ብቻ አይደለም፤ አመጣጡንም፣ ጊዜውንም፣ ማን ተማክሮ ማን እንደተዘለለም ያያል።

ኢራን

የካርተርን ስም ከሁሉ በላይ የጎዳው የኢራን ጉዳይ ነው። የወረሱት ግልጽ ነው፦ አሜሪካ በ1953 መንግሥት ገልብጣ ሻህ ሞሐመድ ሬዛ ፓህላቪን ካጠናከረች ጀምሮ ሁሉም ፕሬዚዳንቶች ሻሁን ደግፈዋል። ራሳቸው ያመጡትም አለ። በ1977 የመጨረሻ ምሽት ቴህራን ውስጥ ጽዋ አንሥተው ኢራንን የመረጋጋት ደሴት ብለው አሞገሱ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐመፁ ተቀጣጠለ። ዐመፁ ሲበረታ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይረስ ቫንስና የጸጥታ አማካሪው ዝቢግኒው ብሬዚንስኪ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎትቷቸው፣ ካርተር አንዱን መርጠው አልጸኑም።

ሻሁ በጃንዋሪ 1979 ሀገር ለቀው ወጡ። በኦክቶበር በካንሰር ሕክምና ምክንያት አሜሪካ ይግቡ ተብሎ ሲለመን፣ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሄንሪ ኪሲንጀርና የባንክ ባለሀብቱ ዴቪድ ሮክፌለር ሲገፋፉ፣ ቴህራን ያሉት የአሜሪካ ዲፕሎማቶች አደጋውን አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። ካርተር ራሳቸውም ሠራተኞቻችን ቢታገቱ ምን ትመክሩኛላችሁ ብለው ጠይቀው እንደነበር አብረዋቸው የሠሩ ተናግረዋል። አደጋውን አውቀው ፈቀዱ፤ ኤምባሲውን ግን በበቂ ሁኔታ አላስጠበቁም፤ ሠራተኞቹንም አላወጡም። ኖቬምበር 4 ኤምባሲው ተያዘ፤ ሠራተኞቹም ታገቱ። ይህ ከዕድል ጋር የማይያያዝ የራሳቸው የፍርድ ስህተት ነው።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ግን ለየብቻ መታየት አለበት። ቴህራንን ደብድቡ የሚል ጩኸት ሲበዛ ካርተር አልተቀበሉትም። በኤፕሪል 1980 የማዳን ዘመቻ ላኩ፤ ሄሊኮፕተሮች በረሃው ላይ ተበላሹ፤ ሲመለሱ አንዱ ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስምንት ወታደሮች ሞቱ። ዘመቻውን የተቃወሙት ቫንስ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ካርተር የፕሬዚዳንትነቱን ሥራ ከሞላ ጎደል በታጋቾቹ ጉዳይ ላይ አዋሉት፤ ይህም ለአጋቾቹ የታጋቾቹን ዋጋ አስወደደላቸው። 52ቱ ታጋቾች ከ444 ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1981፣ ሬገን ቃለ መሐላ እንደፈጸሙ ተለቀቁ። ሁሉም በሕይወት ተመለሱ። ድርድሩን ጨርሰው ያስፈረሙት ግን እንቅልፍ አጥተው ያደሩት ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ናቸው።

ሰብአዊ መብትና የእኛ ቀንድ

አራተኛው ጥያቄ ወደ ኢትዮጵያም ይወስደናል። ካርተር ሰብአዊ መብት የአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ መሠረት ይሆናል ብለው ሥራ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 1977 ቫንስ በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ርዳታ የሚቀነስባቸውን ሦስት ሀገሮች አሳወቁ፦ አርጀንቲና፣ ኡራጓይና ኢትዮጵያ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተቀናቃኞቻቸውን ገድለው ሥልጣኑን ጠቅልለው የያዙት በዚያው ወር መግቢያ ላይ ነበር። ደርግ በኤፕሪል አስመራ የነበረውን የቃኘው የመገናኛ ጣቢያ ጨምሮ የአሜሪካ ተቋማትን ዘጋ፤ በሜይ መንግሥቱ ሞስኮ ሄዱ።

ርዳታው መቀነሱ ተገቢ ነበር ወይ? በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሬሳ ይወድቅ የነበረበት ዘመን ነውና ለሕሊና መልሱ ቀላል ነው። መርሁ ግን እኩል አልተሠራበትም። በዚያው ጊዜ ደቡብ ኮሪያ፣ ፊሊፒንስና ኢራን ለጸጥታ ያስፈልጋሉ ተብለው ታለፉ። ኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ቲሞርን በኃይል ይዛ ሳለ የአሜሪካ መሣሪያ አልተቋረጠባትም። የኤል ሳልቫዶሩ ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ በፌብሩዋሪ 1980 ለካርተር ደብዳቤ ጽፈው ወታደራዊ ርዳታው እንዳይላክ ለመኑ፤ በማርች ቅዳሴ ላይ ሳሉ ተገደሉ፤ ርዳታው ግን ተላከ።

በአፍሪካ ቀንድም ምልክቱ የተደበላለቀ ነበር። በ1977 አጋማሽ ዋሽንግተን ለሶማሊያ መከላከያ መሣሪያ ለመስጠት ዝንባሌ አሳየች፤ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወርር ግን ተመለሰች። ካርተር የሶማሊያ ጦር ከኢትዮጵያ መሬት ሳይወጣ መሣሪያ አንሰጥም ብለው ጸኑ፤ የኢትዮጵያ ጦር ደግሞ የሶማሊያን ድንበር እንዳይሻገር ከሶቪየቶች ማረጋገጫ ፈለጉ። ድንበር በኃይል አይለወጥም የሚለውን መርህ መጠበቃቸው ያስመሰግናል። ቀደም ብሎ የታየው ማመንታት ግን ዚያድ ባሬን ሳያደፋፍራቸው አልቀረም ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክሩም ክብደት አለው። ሶቪየቶች አፍጋኒስታን ሲገቡ አሜሪካ በ1980ው የሞስኮ ኦሊምፒክ እንዳትሳተፍ ማድረጋቸውም ያን ያህል የረባ ውጤት አላመጣም፤ ሶቪየቶች አልወጡም። ኢትዮጵያ ተሳትፋ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው በዚያ ውድድር ነው።

ከሁሉ በላይ በሐበሻ ቤት የገባው የካርተር ፊርማ ግን ብዙም አይወራለትም። ማርች 17 ቀን 1980 የስደተኞችን ሕግ ፈረሙ። ከዚያ በፊት አሜሪካ በመደበኛ ሕጓ ስደተኛ ብላ የምትቀበለው በዋናነት ከኮሙኒስት ሀገሮችና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸውን ነበር። አዲሱ ሕግ የተባበሩት መንግሥታትን ፍቺ ተቀበለ፤ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አቋሙ ስደት የሚያሰጋው ሰው ሁሉ ከየትም ቢመጣ የሚታይበትን ሥርዓት ዘረጋ። የጥገኝነት ጥያቄም በሕግ መሠረት ያዘ። በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በ1980ዎቹ ወደ አሜሪካ የገቡት በዚህ በር ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ በዚያው ዓመት በፓርቲው ምርጫ የካርተር ተፎካካሪ ነበሩ፤ ስለዚህ ምስጋናው የሁለቱም ነው።

ከሥልጣን በኋላ

በ1980 ምርጫ ሬገን 489 ለ49 አሸነፏቸው። ካርተር በ1982 አትላንታ ውስጥ የካርተር ማዕከልን አቋቋሙ። በ1986 ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ሰው ይይዝ የነበረው የጊኒ ትል በሽታ ዛሬ በዓመት የሚይዘው ጥቂት ሰዎችን ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያም ከመጨረሻዎቹ ሀገሮች አንዷ ናት። በአማራ ክልል ትራኮማን ለማጥፋት የሚደረገው ዘመቻ ከማዕከሉ ጋር ለረጅም ዓመታት ተሠርቷል። በ1989 የደርግንና የሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራን ተወካዮች በአትላንታና በናይሮቢ አገናኝተው ነበር፤ ድርድሩ አልሠመረም። በ2002 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህ ሁሉ የሚያስከብር ሥራ ነው፤ የፕሬዚዳንትነታቸውን ጉድለት ግን አይሸፍንም፣ የፕሬዚዳንትነታቸውንም ጥንካሬ አይተካም። የሚያስረዳን አንድ ነገር አለ። ያው ግትርነትና ያው ዝርዝር ወዳድነት ድምፅ መለመን በማያስፈልግበት ቦታ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ሠራ። ትልን ለማጥፋት ውኃ ማጣራት፣ መቁጠር፣ መመላለስና አለመሰልቸት ነው የሚያስፈልገው። ሀገር ለመምራት ግን ከዚህ ሁሉ ጋር የማይስማማን ሰው ይዞ መጓዝ ያስፈልጋል።

ፍርዱ

እንግዲህ የካርተርን ዘመን በአራቱ ጥያቄዎች ስንለካው ይህን እናገኛለን። ከባድ ውርስ ተቀብለዋል፤ በዋጋ ንረቱ ላይ ግን ሁለት ዓመት አባክነዋል። በካምፕ ዴቪድ፣ በፓናማ፣ በቮልከር ሹመትና በስደተኞች ሕግ የወሰኑት ትክክል ነበር፤ ዘመንም አረጋግጦላቸዋል። በኢራን ማስጠንቀቂያ ሰምተው ሳይዘጋጁ ቀሩ፤ ይህ ስህተት የራሳቸው ነው። ሰብአዊ መብትን የመንግሥት ጉዳይ ማድረጋቸው ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሊተዉት ያልቻሉት ቁም ነገር ሆኗል፤ እኩል አለመተግበራቸው ግን የመርሁን ክብር ቀንሶታል። ካርተር በውሳኔ ጠንካራ፣ በማሳመን ደካማ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በምርጫው ማግስት ከተሰጣቸው ቦታም ከፍ ያለ ቦታ ይገባቸዋል።

አንባቢ ሆይ፣ የሌላ ሀገርም ሆነ የራስህን መሪ ስትመዝን ለፍርድ አትቸኩል። የወረሰውን ከሠራው ለይ፤ ውሳኔውን ከአካሄዱ ለይ፤ ዛሬ የተከፈለውን ዋጋ ነገ ከሚታየው ፍሬ ጋር አነጻጽር፤ መርሁንም በወዳጆቹ ላይ ምን ያህል እንደሠራበት ጠይቅ። ደግነት ብቻውን ጥሩ መሪ አያደርግም፤ በምርጫ መሸነፍም ብቻውን መጥፎ መሪ አያሰኝም።